በእድር ወንበር ላይ ደህና መሆንን ስንማር

ፍኖተ ሰላም
ሰኔ 8 ቀን

ለምወድህ ባለቤቴ፣

ካለህበት ሁሉ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? አምና የደምበጫውን ወፍጮ ሞተር ስታነሳ የተቀጨው ትከሻህ ዝናቡ ሲጀምር አላመመህም? ናፍጣ የነካ ልብስህን ሳትቀይር እንደምትተኛ፣ ጠዋትም በባዶ ሆድህ ሞተር ሥር እንደምትገባ አውቃለሁ፤ የሚቆጣህ በሌለበት አገር ብሶብህ እንደሆን እንጂ መቼም አልተሻለህም። እኔ እመቤቴ ትመስገን ደህና ነኝ። ሆዴ ገፍቶ ከስፌት መኪናው ጋር መጋጨት ስለጀመረ ወደ ጎን ዞሬ ነው የምሰፋው። ልጅህ መኪናው ሲሮጥ ጸጥ ይላል፤ እግሬን ከፔዳሉ ሳነሳ መራገጥ ይጀምራል። የአንተ ልጅ ለመሆኑ ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም።

ይህ አራተኛው ደብዳቤዬ ነው። ሦስቱ እንዳልደረሱህ አውቄያለሁ፤ እንዴት እንዳወቅሁ ስደርስበት እነግርሃለሁ። በስምንት ዓመት ትዳራችን ፈራሁ ስልህ ሰምተህ አታውቅም። አሁን ግን በጣም ፈርቻለሁ። ለሌላ ሰው እንዳልነግር የምፈራው በዙሪያዬ ያሉትን ሰዎች ነው፤ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ እንዲያውም ደግነታቸው ነው ያስፈራኝ። ስለዚህ ላንተ ልንገርህ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ እማማ ወለተጊዮርጊስ በትራቸውን ይዘው መጡ። አጥር ለአጥር ሆነን እንኳ በበሩ ዞረው ሲመጡ አይቻቸው አላውቅም፤ የሚጠሩኝ በአጥሩ ላይ ጮኸው ነው። ሲስተር ሕሊና የምትባል ነርስ ከደምበጫ መጥታ ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ትምህርት ልትሰጥ ነው፤ ሰው የዕለት ኑሮውን እንዴት ደህና አድርጎ እንደሚኖር፣ ጭንቀት ሲይዘው ምን እንደሚያደርግ፣ እንቅልፉን እንዴት እንደሚያገኝ ታስተምራለች፤ ስምንት ሳምንት ነው አሉኝ። የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኛል፣ ጊዜ የለኝም አልኳቸው። ስምሽ እኮ ተመዝግቧል ልጄ፣ እድሩ ነው ያስመዘገበሽ አሉኝ። እኔም ሳቅሁ፤ እድር የሚያስበን ከሞትን በኋላ ነበር፣ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በቁማችን ማሰብ የጀመረው ብዬ ቀለድኩባቸው። እማማ ወለተጊዮርጊስ በእኔ ቀልድ ሳይስቁ የቀሩበት ቀን ትዝ ይልሃል? ያን ቀን አልሳቁም።

ትምህርቱ የሚሰጠው በእድሩ አዳራሽ ነው፤ አንተ የብረት በሩን የበየድክለት። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ቆሟል፤ ትልልቆቹ ድስቶች ግድግዳ ሥር ተደፍተዋል። የምንቀመጠውም በእነዚያው ረጃጅም የሐዘን ወንበሮች ላይ ነው። ሲስተር ሕሊና ለአገሩ እንግዳ ስለሆነች አላወቀችም፤ ወንበሮቹ እንዴት ጥሩ ናቸው፣ ክብ ሠርተን እንቀመጥባቸው አለችን። አሥራ አራት ሰዎች እርስ በርሳችን ተያየንና ተቀመጥን። ከልጅነቴ ጀምሮ በእነዚያ ወንበሮች ላይ ተቀምጬ ያላለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ወደድኩት። አየር በአፍንጫ እየሳቡ እስከ አራት መቁጠር፣ ይዞ መቆየት፣ ቀስ ብሎ ማስወጣት፤ ይኸን ሳደርግ ብታየኝ እንዴት በሳቅክብኝ። በሳምንት አንድ ቀን ወሬ መጾም አለብን፤ የመንገዱን፣ የተኩሱን፣ የማንንም ወሬ ሁሉ። ማታ ማታ ደግሞ የዋልንበትን ሦስት ጥሩ ነገር ደብተር ላይ እንጽፋለን። እኔ መብራት ነበረ፣ ልጁ ተራገጠ፣ ማንም በር አላንኳኳም እያልኩ ጽፌያለሁ። ከወንቃው ገደል ማዶ የሚመጡት ገበሬው አቶ ወንዳወቅ በመጀመሪያው ቀን ዓይናችሁን ጨፍኑ ስንባል እምቢ አሉ። እኔ በዚህ ዘመን በር ተከፍቶ ዓይኔን አልጨፍንም፣ በሩን ዝጊውና የፈለግሽውን እሆንልሻለሁ አሏት። ሲስተር ሕሊና ሄዳ ዘጋችው። ሳቅን፤ ከዚያ ወዲህ ግን በሩ ተከፍቶ ተምረን አናውቅም።

ነገሩ ያልጣመኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ባረፍድም ሆነ ቀድሜ ብገባ ሁልጊዜ የምቀመጠው በእማማ ወለተጊዮርጊስና አዝራር ትተክልልኝ በነበረችው በያምሮት መካከል መሆኑን ልብ አልኩ። ቦታ ብቀይር ተነሥተው ይከተሉኛል። አንድ ማክሰኞ የጻፍነውን ጥሩ ነገር በየተራ ስናነብ እኔ ባለቤቴ ክረምቱ ሳይጠና እመጣለሁ ብሎኛል፣ ክረምቱም ይኸው ደረሰ የሚል ነበር የጻፍኩት። አነበብኩት። ጋሽ ልዑልሰገድ፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ስም መቆጣጠሪያውን ጉልበታቸው ላይ እንደያዙ ሳል ያዛቸውና ወደ ውጪ ወጡ። አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ውሸት ሳል መሳል አያውቁበትም። ሲስተር ሕሊናም ቶሎ ብላ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ እማማ ወለተጊዮርጊስ ከወንበሩ ሲነሡ ከነጭ ቀሚሳቸው ሥር የጥቁር ልብስ ጠርዝ ታየኝ። ለእማማ አሥራ ሁለት ዓመት ሰፍቻለሁ፤ ያ ጠርዝ የእኔ እጅ አይደለም። ስፌቱ ሰፋ ሰፋ ያለ፣ ክሩም ግራጫ ነው፤ ጅጋ አውራ ጎዳናው ዳር ያለው ልብስ ሰፊ ሰውዬ ጥቁር ክር ሲያልቅበት እንደዚያ ያደርጋል። ማን ሞቶብዎት ነው አልኳቸው። ቡሬ ገጠር የአክስቴ ልጅ አሉኝ። ታዲያ ለምን ለእኔ አላመጡልኝም ብላቸው አንቺማ ደክመሻል ልጄ፣ ከብዶሻል አሉና መንገድ መንገዱን አዩ። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት ተወ። በሰፈራችን እኔ ያልሰፋሁት ጥቁር ልብስ የሚለብሱ አራት ሴቶች አገኘሁ። ከላይ ነጭ ደርበው ነው የሚመጡት፤ እኔ በር ላይ ሲደርሱ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

ቅዳሜ ደግሞ ወንድምህ ክንዱ መጣ። ለገንፎ የሚሆን ገብስና ቅቤ ጭኖ ነው የመጣው። ገና ሲገባ እህቴ ብሎ ጠራኝ። ክንዱ በስምንት ዓመት አንድ ቀን እህቴ ብሎኝ ያውቃል? ይቺ ክፉ ሴት እያለ ሲያሾፍብኝ ነው የኖረው። እህል አቀረብኩለት፤ አብረውኝ የዋሉት እማማ ባረኩ፤ እሱ ባርኔጣውን አላወለቀም። ማዕድ ላይ ባርኔጣ! እኔም እንደ ዋርሳነታችን ልቀልድ ብዬ ከኋላው ቀማሁት። ራሱን ተላጭቷል። የተላጨው አዲስ አልነበረም፤ ፀጉሩ እየበቀለ ነው። ቁስል ወጥቶብኝ ነው አለኝ። አጎንብሼ አየሁት፤ አንድም ጠባሳ የለውም። እናታችን እንዴት ናት፣ ለአራስነቴ እመጣለሁ ብላኝ አልነበረም ወይ ብዬ ብጠይቀው እግሯን አሟታል፣ ከክረምቱ በኋላ ትመጣለች አለኝ። በትኩሳት ጅጋ ገበያ ወርዳ የምትመለሰው እናትህ! ከዚያ አህያውን ልፍታ ብሎ ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ የአህያውን ገመድ እንደያዘ ግድግዳውን ተደግፎ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

አሁን የምነግርህን አንተም ታስታውሰዋለህ። የዛሬ ሁለት ዓመት የያምሮት ባል መተማ መንገድ ላይ የሆነውን ሲሆን፣ እሷ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። እርጉዝ መርዶ አይነገራትም፤ ልጁ ይጨናገፋል። እስክትወልድ፣ ክርስትና እስኪነሳ፣ በእግሯ ቆማ እስክትጠና ድረስ እንዳትሰማ ያልኩት እኔ ነኝ። ማን ያስተባበረው ይመስልሃል? ስልኳን ድምፁ ተበላሽቷል ብዬ ወስጄ ተስፋው የስልክ ጥገና ጋ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሴቶቹን በጥቁር እንዳትመጡ ያልኩት እኔ ነኝ። ብቻዋን ውላ እንዳታስብ ብዬ የአዝራር ሥራ እየሰጠሁ ቤቴ ያዋልኳት እኔ ነኝ። ባልሽ እንዴት ነው እያልኩ የጠየቅኳትም እኔ ነኝ። አንተ ኃጢአት ነው አልከኝ፤ እኔ ደግሞ ወንድ ምን ያውቃል፣ ልጇን ትጣ ወይ ብዬ ተቆጣሁህ። አሁን የእኔ ስልክ ከሚያዝያ ጀምሮ ተስፋው ጋ ነው። ዕቃው ከባሕር ዳር አልመጣም ይለኛል። የምሰፋው ዩኒፎርም እንኳ ከወትሮው እጥፍ ሆኗል፤ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው እኮ! ሁሉንም ነገር አውቀዋለሁ፤ የገዛ ስፌቴን ነው የማየው።

ቢሆንም ለራሴ እምቢ አልኩ። እርጉዝ ሴት ነገር ታበዛለች፣ ይኸ ከርግዝናው ነው አልኩ። እስከ አራት እየቆጠርኩ ተነፈስኩ። በመጨረሻ የደብዳቤዎቹ ነገር መጣ። ሦስቱን ደብዳቤ የሰጠሁት ለጋሽ ልዑልሰገድ ነበር፤ ወደ ቡሬ የሚሄድ የታመነ ሰው አለኝ፣ ከዚያም ወፍጮው ያለበት መንደር ድረስ ያደርስልሻል ስላሉኝ። እንደምታውቀው ሙጫ አላምንም፤ ፖስታዬን በክር ነው የምሰፋው። ባለፈው ማክሰኞ ጋሽ ልዑልሰገድ ስም ሊጠሩ የእድሩን ትልቅ መዝገብ ሲከፍቱ ሦስት ፖስታ ከመካከሉ አየሁ፤ በሰማያዊ ክር የተሰፉ። አንዱም ክር አልተበጠሰም። ስሜን ጠሩ። አቤት አልኩ። መዝገቡን ቶሎ ዘጉ፤ ያየሁ መሆኔን አላወቁም።

እዚያው ቀን ሲስተር ሕሊና በሕይወታችሁ የጎዳችሁን አንድ ነገርና የረዳችሁን አንድ ነገር ተናገሩ አለች። ሰው ሁሉ ቀላል ቀላሉን ተናገረ፤ አቶ ወንዳወቅ ስለ በሬያቸው አወሩ። ያምሮት ተነሣች። እሷ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ቃል ተናግራ አታውቅም። የጎዳኝ የባሌ ነገር አይደለም፣ ያንንማ ፈጣሪ ያውቃል አለች። የጎዳኝ እናንተ ስታውቁ እኔ አለማወቄ ነው፤ ለፋሲካ ይመጣል ብዬ ሸሚዙን ሳጥብና ስተኩስ ተቀምጣችሁ ታዩኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ረገምኋችሁ አለች። እማማ ወለተጊዮርጊስ ቀሚሷን ሳብ አደረጉ። ያምሮት አልተቀመጠችም። የረዳኝንም ልንገራችሁ አለች። ያን አምስት ወር ባል ነበረኝ። ሸሚዙን ስተኩስ ባል ነበረኝ። አሁን ያን አምስት ወር መልሱልኝ ብል ማን ይመልስልኛል አለችና ወደ እኔ ዞራ አየችኝ። እያለቀሰች ነበር።

ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። አሥራ ሦስት ሰው ሲያየኝ ተሰማኝ፤ እኔ የማየው የወለሉን ሲሚንቶ ነው። ሲስተር ሕሊና ወደ እኔ ጠጋ ብላ በጣም ቀስ ብላ፣ የምትጠይቂው ነገር አለሽ ወይ አለችኝ። እመነኝ፣ ያን ጊዜ ብጠይቅ ይመልሱልኝ ነበር። ሁሉም ደክሟቸዋል፤ ጋሽ ልዑልሰገድ መነጽራቸውን አውልቀው ይዘውታል፤ አንዲት ቃል ከአፌ ብትወጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሡ ነበር። ያለነውም በእነዚያ ወንበሮች ላይ ነው፣ ድንኳኑም እዚያው ነው፣ ድስቱም እዚያው ነው። አፌን ከፍቼ፣ ለዓርብ የቤት ሥራ አለን ወይ አልኳት።

ሰው ሁሉ ትንፋሹን ለቀቀ። ሲስተር ሕሊና፣ አዎ፣ ለምትናፍቁት ሰው ደብዳቤ ጻፉ፣ መላክ ግን ግድ አይደለም አለች። እኔ ለባለቤቴ እጽፋለሁ አልኩ። ጻፊለት አለችኝና ሰሌዳውን ልትጠርግ ዞረች፤ ሰሌዳው ላይ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም። ስንወጣ ያምሮት ጭቃው እንዳያንሸራትተኝ ክንዴን ያዘችኝ። ቤቴ በር ላይ ስንደርስ እጇን ሳምኩት፤ ምን ይሆናል፣ ከሁለት ዓመት በፊት ልስመው የሚገባኝ እጅ ነበር።

ይኸው ነው። የማውቀውን አልጻፍኩልህም፤ አልጽፈውም። በገዛ እጄ ከጻፍኩት ያበቃል። እስካልተነገረኝ ድረስ ማንም አልነገረኝም፤ አንተም ቡሬ ማዶ ነህ፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ኔትወርክ የለም። ግን ፈርቻለሁ። ጎህ ሳይቀድ ነው የሚመጡት፤ ካህኑ፣ ጋሽ ልዑልሰገድ፣ ክንዱ፣ ሴቶቹ ከኋላ። ጎህ በቀደደ ቁጥር የእግር ኮቴ የሰማሁ እየመሰለኝ አልጋው ላይ ተቀምጬ ነው የሚነጋልኝ። ከዚያ ሆዴን እዳስስና ልጁን፣ እዚያ ውስጥ እስካለህ አይመጡም እለዋለሁ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝና አውቀዋለሁ። ሌላዋ ሴት በሰላም ልገላገል ብላ ትሳላለች፤ እኔ መገላገሉን ነው የምፈራው። እሁድ ዕለት ወገቤን ሲቆርጠኝ ስፌት መኪናውን ጨብጬ ገና ነው፣ ገና ነው እያልኩ ለመንኩት። አለፈልኝ። ጤና ጣቢያ ሁለት ሳምንት ቀርቶሻል ብለውኛል።

አንድ ነገር ይቅር በለኝ። መፍቻና ፒንሳ የሚያቀብለኝ ወንድ ልጅ እያልክ ስትመኝ እንደኖርክ አውቃለሁ። እኔ ግን እማማን አስቸግሬ፣ ሴት እንድትሆን ለእመቤቴ ጥላ ተስያለሁ። እማማ ምክንያቱ አልገባቸውም፤ ሴት ልጅ ለእናቷ ታግዛለች ብለሽ ነው አይደል አሉኝ፤ አዎ አልኳቸው። የወንድ ክርስትና በአርባ ቀን ነው፤ ወንድ ከሆነ ሐምሌ ሳያልቅ ወይ ነሐሴ መባቻ ላይ ይመጣሉ። የሴት ግን ሰማንያ ቀን ነው። ሴት ከሆነች እንቁጣጣሽን ባል ያላት ሴት ሆኜ እውላለሁ።

እመ ብርሃን ባለህበት ትጠብቅህ። ቅዱስ ጊዮርጊስ መንገድህን ያቅናልህ። ክፉ ወሬ ከደጃችን ይራቅልን፤ ልብስህ ታጥቦ ተተኩሷል።

ባለቤትህ
የልጅህ እናት